ከጀሞዋ ሱቅ መስኮት ጀርባ ላለሽው እህቴ



ስምሽን እዚህ አልጠራውም፤ ሱቅሽ የትኛው ብሎክ ሥር እንዳለም አልናገርም። የጀሞ ሰው ያውቅሻል። የሌላ ሰፈር ሰውም አንቺን የመሰለ አንድ የሞባይል ገንዘብ ወኪል በአጠገቡ አያጣምና እሱን እያሰበ ያንብበው። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍኩበት ምክንያት አለኝ። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ በተነገረ ቁጥር የመሥሪያ ቤት፣ የኩባንያና የመተግበሪያ ስም ይነሳል፤ ድሃው ሰው በየት በኩል እንደገባ ግን እምብዛም አይነገርም። እኔ ሲገባ ያየሁት ባንቺ መስኮት በኩል ነው። ምስጋናዬም በሰው ፊት ይሁን።

አስቀድሜ የማመሰግንሽ ፊትሽን ስለምታዞሪ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ጉሊት የሚሸጡት እማማ ስልካቸውን ይዘረጉልሽና ሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ሊነግሩሽ ሲጀምሩ፣ «ኧረ እማማ፣ እኔም ብሆን መስማት የለብኝም!» ብለሽ ታስቆሚያቸዋለሽ። ስልኩን እጃቸው ላይ መልሰሽ፣ ጣታቸው ቁልፎቹን እስኪያገኝ ወደ መደርደሪያው ዞረሽ ትጠብቂያለሽ። ከኋላቸው ካርድ ሊሞላ፣ መብራት ሊከፍል፣ ለእናቱ ብር ሊልክ የቆመ ሰው አለ፤ ማጉረምረሙም ይሰማሻል። አንቺ ግን ወረፋው ይጠርልኝ ብለሽ ቁጥሩን አትነኪላቸውም። እማማ ዛሬ ማንም ሳይረዳቸው ራሳቸው ይነካሉ። ይህን ያስቻላቸው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይደለም፤ በትዕግሥት የምታዞሪላቸው ጀርባሽ ነው።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በየቡና ቤቱ የሚወራው ስለ መተግበሪያው ነበር። አንቺ ለጎረቤቶቼ ያሳየሻቸው ግን ኮከብ አንድ ሁለት ሰባት መሰላልን ነው። ይህ አጭር ቁጥር ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርኩ ስልክን ለማስጠራት በሚጠቀምበት መስመር ላይ ጽሑፍ እያመላለሰ ምርጫ ያቀርባል፤ 1 ያለ ወደዚህ፣ 2 ያለ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ዳታ መግዛት ለማይችል ሰው፣ ቁልፉ በፈዘዘ ተራ ስልክ ላይ ይሠራል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ቀሪ ሂሳባችንን በ*804# ስናይ የኖርነው በዚሁ ነው። አንቺም የተነሳሽው ከዚያ ነበር። «እትዬ፣ ካርድዎ ስንት እንደቀረ ሲያዩ እንደሚነኩት ያለ ነው» ትያለሽ፤ ሴትየዋም ከምታውቀው ተነስታ ወደማታውቀው ትሻገራለች። ብዙ ጊዜ ከተማረ ሰው የማይገኝ የማስተማር ጥበብ ነው።

ዓይነ ስውሩን ጎረቤታችንንም ሳስብ አመሰግንሻለሁ። የሚነካው ስልክ ለእሱ ለስላሳ መስታወት ብቻ ነው። የቁልፍ ስልኩ ግን በ5 ቁጥር ላይ ትንሽ እብጠት አለችው፤ ጣቱ እሷን ካገኘ ሌሎቹን ቁጥሮች ሁሉ ያገኛል። አንቺ የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል እየደጋገምሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አነበብሽለት፤ መጀመሪያ ይኼ፣ ቀጥሎ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ መጠን፣ መጨረሻ ሚስጥር ቁጥር። እሱ በቃሉ ያዘው። ስለ አካል ጉዳተኞች ተደራሽነት የሚጽፉ ሰዎች አንድ ቀን መጥተው አጠገብሽ ቢቆሙ ደስ ይለኛል።

ፊደላችን ስልክ ላይ የደረሰው በቀላሉ እንዳልሆነ ታውቂ ይሆን? እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ ገና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ደክመዋል፤ ዳንኤል ያዕቆብም ዕድሜውን የሰጠበት ሥራ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደሉ በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ቦታ አገኘ። ተንቀሳቃሽ ስልክም አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። እስካሁንም አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። ያም ሆኖ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ መታየቱ ማንበብ ለማይችል ሰው ብቻውን ምንም አያደርግለትም። ገጠር ላይ ይህን ያሰቡበት ሰዎች ነበሩ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ገበሬው በነጻ ደውሎ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በራሱ ቋንቋ በድምፅ እንዲሰማ አድርጓል። የከተማው ድሃ ግን ማስታወቂያው በጽሑፍ፣ ደረሰኙ በጽሑፍ፣ ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ነው የሚደርሰው። የሚያነብለት ድምፅ ያንቺ ሆነ። የገባውን ብር መጠን ከማንበብሽ በፊት ዙሪያሽን ቃኝተሽ ድምፅሽን ዝቅ እንደምታደርጊም አስተውያለሁ፤ ለዚህም ለብቻው አመሰግናለሁ።

አሁን ስለ ኬንያ ልንገርሽ፤ ያንቺ ታሪክ እዚያ ተመዝግቧልና። ሌላው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ ወደ እኛ የመጣው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ቢሆንም ኬንያ ውስጥ የተጀመረው በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ነው። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቤተሰቦችን ለዓመታት እየተከታተሉ ካጠኑ በኋላ፣ አገልግሎቱ 194 ሺህ ያህል ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከመቶ 2 የሚሆነውን የኬንያ ቤተሰብ፣ ከከፋ ድህነት እንዳወጣ በ2016 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፉ። 185 ሺህ ያህል ሴቶችም ከግብርና ወደ ንግድ ተሸጋግረዋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ይህን ለማወቅ የሄዱበት መንገድ ነው። ስልክ ያለውን ከሌለው አልነበረም ያነጻጸሩት። የለኩት በየቤተሰቡ አካባቢ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ የወኪሎች ቁጥር ምን ያህል እንደጨመረ ነው። ወኪል በቀረበበት መንደር ኑሮ ተለወጠ፤ በተለይ በሴቶች በሚመሩ ቤቶች። እነሱ ልኬት ብለው የያዙት ነገር አንቺ ነሽ፤ ከብሎካችን እስከ መስኮትሽ ያለው እርምጃ ነው።

ለምን እንደሚለወጥም ሁለቱ ቀደም ብለው አሳይተው ነበር። በሽታ ወይም የሰብል ጥፋት ሲመጣ፣ አገልግሎቱን የማይጠቀሙ ቤተሰቦች ፍጆታቸው ከመቶ 7 ያህል ይቀንሳል፤ የሚጠቀሙት ግን አይቀንስባቸውም፤ ከሩቅ ያለ ዘመድ ፈጥኖ ይደርስላቸዋላ። ይህን ለማመን ጥናት ማንበብ አላስፈለገኝም። በየቤቱ ልብስ አጥባ የምታድር አንዲት የጀሞ ሴት እናቷ አገር ቤት ታመሙ ተባለች። ድሮ ቢሆን አውቶቡስ ተራ ሄዳ የአገሯን ሰው መፈለግ፣ በፖስታ አሽጋ መላክ፣ ከዚያም ደረሰ አልደረሰ እያሉ መጨነቅ ነበር። አንቺ ጋ መጣች፤ ብሩ እሷ ገና ከሱቁ ደጃፍ ሳትርቅ ደረሰ፤ ታናሽ ወንድሟም ደውሎ ጤና ጣቢያ እየወሰዳቸው እንደሆነ ነገራት።

ይህ እንዲሆን አንቺ ምን እንደምትከፍዪ ብዙ ሰው አያይም። ብር ለማስገባት ስልክሽ ላይ ሂሳብ ሊኖርሽ ይገባል፤ ለማውጣት ደግሞ መሳቢያሽ ውስጥ ጥሬ ብር። ሁለቱም የሚሸፈኑት በራስሽ ካፒታል ነው። የፋሲካና የገና ዋዜማ ጀሞ ሙሉ ወደ አገር ቤት ሲልክ ሂሳብሽ ያልቅና መሳቢያሽ ይሞላል፤ የሴፍቲኔትና የቀን ሥራ ክፍያ ሲገባ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሆናል። ማልደሽ ባንክ ቤት ተሰልፈሽ ትመጫለሽ። ብር ካለቀም «የለም» ብለሽ አትመልሺም፤ ከታች ካለው ሱቅ ትበደሪያለሽ። ከመቶ ብር ላይ የሚደርስሽ ትርፍ ሳንቲም መሆኑን እያወቅሽ ይህን ሁሉ ትሮጫለሽ።

ገንዘብ ከፍራሽ ሥር የሚያድርበት ጊዜ ለሴቶቻችን ደግ አልነበረም። ባል ይጠይቃል፣ ልጅ ያገኘዋል፣ ሌባም ይወስደዋል። በዓለም ባንክ ጥናት መሠረት በ2014 እ.ኤ.አ. ከአንድ መቶ አዋቂ ኢትዮጵያውያን የፋይናንስ ሂሳብ የነበራቸው 22 ያህሉ ሲሆኑ በ2022 ወደ 46 ደርሰዋል፤ ሴቶች ግን አሁንም ከወንዶች ወደኋላ ቀርተዋል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ሳንዱቅ የሚባል ቁጠባ፣ መላና እንደኪሴ የሚባሉ ብድሮች ሲያመጣ መስኮትሽ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ። ስለ ብድሩ ያለሽን አቋም እወድልሻለሁ። በስልክ የሚገኝ ብድር በፍጥነት ይገኛል፤ መክፈያውም በፍጥነት ይደርሳል። «እትዬ፣ የሚመልሱበት ቀን ይኼ ነው፣ የሚጨምሩት ይኼን ያህል ነው፤ እቁብዎ ከዚያ በፊት ይወጣል?» ብለሽ ስትጠይቂ ሰምቻለሁ። ሴትየዋ አሰብ አድርጋ ተወችው። ብድሩ ቢወሰድ አንቺን የሚጎዳሽ ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ጠየቅሽ።

አጭበርባሪዎቹን የተዋጋሽበትንም አልረሳም። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ ዕጣ ደርሶዎታል፤ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚሉት በተለይ አረጋውያኑን ያሳድዷቸዋል። አንቺ ከካርቶን ቆርጠሽ በትልቁ ጽፈሽ መስኮትሽ ላይ ለጠፍሽ፦ «ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ። ለእኔም!» ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሂሳብ በሠራሽ ቁጥር በቃልሽ ትደግሚዋለሽ። ሰፈሩ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ይዞታል።

የፋይዳ መታወቂያንም ነገር ላንሳ። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ መሸኛ ሳይዙ ከገጠር የመጡ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው ናቸው። ፋይዳ ሰነድ የሌለውን በምስክር እንደሚመዘግብ የነገርሻቸው አንቺ ነሽ። ልብስ የምታጥበዋ ሴትም አሻራዋ በሳሙናና በበረኪና ተፍቆ መሣሪያው እንዳያሳፍራት ፈርታ ቀረች። ከአሥሩ ጣት ሌላ የዓይን ብሌንና ፊትም እንደሚነሳ አስረዳሻት፤ ሄዳ ተመዘገበች። ለዚህ ማንም አልከፈለሽም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ጀሞ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው፤ እዚህ የሚኖረው ብዙው ሰው ወይ ዕጣ ወጥቶለታል፣ ወይ ዕጣ የወጣለት ሰው ተከራይ ነው። ስለዚህ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በኮምፒውተር የወጣው የከተማዋ የቤት ዕጣ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ውስጥ ገብቶ ተገኝቶ ሲሰረዝ፣ ነገሩ በየደረጃው ላይ ለሳምንታት ተወርቷል። ዕጣው ኅዳር 2015 ላይ እንደገና ቢወጣም ለዓመታት ከጉሮሮው ነጥቆ የቆጠበ ሰው ልብ ቶሎ አይጠገንም። ያኔ ሰው «ኮምፒውተር ነው ያለው» የሚባለውን ለማመን ቢቸገር አልፈርድበትም። በዚያው ወቅት ያው ሰው ስልኩን አንቺ ፊት አውጥቶ የደሞዙን ግማሽ በማያየው መስመር ይልክ ነበር። ሥርዓቱን ስላመነ አይመስለኝም። ብሩ ቢጠፋ የሚጠይቀው ሰው የት እንደሚገኝ ስለሚያውቅ ነው፤ አንድ ቀን በስህተት ወደ ሌላ ቁጥር የሄደ ብር ለማስመለስ ሱቅሽን ዘግተሽ ከባለጉዳዩ ጋር እስከ አገልግሎት ማዕከሉ መሄድሽን ሰፈሩ ያውቃል።

ኩባንያዎቹና የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህን ደብዳቤ ካነበቡ ደግሞ የምለው አለኝ። ወኪልን እንደ ሽያጭ ነጥብ ብቻ አትቁጠሩ። በትንንሽ ሂሳቦች ላይ የሚደርሳቸውን ኮሚሽን ከፍ አድርጉ፤ ድሃው የሚልከው ትንንሽ ነውና። በበዓል ዋዜማ ጥሬ ብር የሚያገኙበትን መንገድ አመቻቹላቸው። ለዝርፊያ መድን ግቡላቸው። አዲስ ምርጫ ምናሌው ላይ ስትጨምሩም እንደዚህች ልጅ ላሉት ቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ የቱ ቃል ለጉሊት ነጋዴ እንደማይገባ በአንድ ጠዋት ይነግሯችኋል።

ላንቺ ግን የመጨረሻው ነገር ልመና ነው። በሚቀጥለው ወር አክስቴ ከመርሐቤቴ ለሕክምና ትመጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ከብር ኖት ላይ ለይታ ታውቃለች፤ ስልኳም ባለ ቁልፍ ነው። እስካሁን ብር የምልክላት በጎረቤት ልጅ ስልክ ነው፤ እሷም ስንት እንደላክሁ የምታውቀው ልጁ ሲነግራት ነው። ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ራሷ መቀበልና ራሷ ማውጣት እንድትችል ይዣት እመጣለሁ። እኔ ላስተምራት ብሞክር እቸኩልና ነክቼላት ዝም እላለሁ። አንቺ እንደ እማማ አድርገሽ አስተምሪልኝ። ከሰዓት ወረፋሽ ቀለል ሲል እንመጣለን።


ጎረቤትሽ፣ ከጀሞ