የዱር ምግብ ዕፅዋት ሥዕል፦ ከምርምር ተቋም ወደ ቀበሌ መውረድ ያለበት ዕውቀት

አገራችን ኢትዮጵያ ስድስት ሺህ የሚጠጉ የከፍተኛ ዕፅዋት ዝርያዎች የሚገኙባት ስትሆን፣ ከእነዚህ አሥር በመቶ ያህሉ በሌላ አገር የማይበቅሉ መሆናቸው ይታወቃል። አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽም፣ እንኮይ፣ ዶቅማ፣ እሸና እንጆሪን የመሳሰሉት ሳይዘሩና ሳይኮተኮቱ እየበቀሉ የገጠሩን ኅብረተሰብ፣ በተለይም እረኞችንና ሕፃናትን ሲመግቡ ኖረዋል። ድርቅ በሚከሰትበት ወቅት ደግሞ ጠቀሜታቸው ይበልጥ ይጎላል።

ይሁንና በዱር የሚበቅል ሁሉ አይበላም። አውጥ ፍሬው ሲበስልና ሲጠቁር ይበላል፤ አረንጓዴ ሳለ ግን ሊመርዝ ይችላል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው እምቧይ ደግሞ ቢጫ ፍሬው ዓይን ቢስብም ለምግብነት አይውልም። በደቡብ ኢትዮጵያ በችግር ጊዜ የሚበላው የአሞጭ ሥር በሚገባ ካልተቀቀለ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል። ስለሆነም ዕፅዋቱን በትክክል ለይቶ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለዚህ ተግባር ፎቶግራፍ ብቻ በቂ ነው የሚል አስተያየት ሊነሳ ይችላል። ፎቶግራፍ ግን የሚያሳየው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ የታየውን ብቻ ነው። ሠዓሊው በአንጻሩ በተለያየ ወቅት የሚታዩትን አበባና ፍሬ በአንድ ገጽ ላይ ያሰፍራል፤ የደረቀውን ናሙና በውኃ አለስልሶ የአበባውን ውስጣዊ ክፍል ከፍቶ ያሳያል፤ መጠኑንም በልኬት ያመለክታል። በጥቁር ቀለም የተሠራ የመስመር ሥዕል በአነስተኛ ወጪ ሊባዛ መቻሉም ሌላው ጠቀሜታው ነው።

የአገራችንን ዕፅዋት በሥዕል የመመዝገብ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ ከ1769 ጀምሮ በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ እ.ኤ.አ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የእንሰትና የኮሶ ሥዕሎችን አውጥቷል። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በጎንደር ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ብሩስ ለሥራው ተገቢውን ዕውቅና አልሰጠውም። ስማቸውንና ጥቅማቸውን ለሠዓሊዎች የነገሩት የአገሬው ሰዎችማ ከነአካቴው ሳይታወሱ ቀርተዋል።

በቅርቡ ዘመን ከተከናወኑት መካከል እ.ኤ.አ በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ስምንት ቅጽ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ዋነኛው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ያዘጋጀው ይህ ሥራ በርካታ የመስመር ሥዕሎችን ይዟል። እ.ኤ.አ በ1993 ታትሞ በ2007 ተሻሽሎ የወጣው የአዘነ በቀለ ተሰማ የጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍም ሥዕሎችን ከአገር ውስጥ ቋንቋዎች ስያሜ ጋር አጣምሮ አቅርቧል።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሎራው የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለሙያው ሰዎች ነው። በቀበሌ ደረጃ ከአርሶ አደሩና ከአርብቶ አደሩ ጋር የሚውለው የልማት ሠራተኛ ሊጠቀምበት አይችልም። አንድ ተክል ከወረዳ ወረዳ በተለያየ ስም ስለሚጠራም፣ ሥዕል የሌለው የስም ዝርዝር ለስሕተት ይዳርጋል። በሌላ በኩል በሶማሌ ክልልና በሶማሊያ ብቻ የሚገኘው ይሂብ የተሰኘው ቁጥቋጦ፣ ፍሬው ለምግብነት የሚውል ቢሆንም በልቅ ግጦሽና በመቆረጥ እየተመናመነ መጥቷል። ተክሉ ሲጠፋ ዕውቀቱም አብሮ ይጠፋል።

ስለሆነም የሚመለከታቸው የግብርና፣ የትምህርትና የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር አካላት በእጃቸው ያለውን ሀብት አቀናጅተው ሊጠቀሙበት ይገባል። በሄርባሪየሙ የተከማቹት ናሙናዎች አሉ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የሚሠለጥኑ ወጣቶችም አሉ። እነዚህን በማገናኘት በየአካባቢው ቋንቋ አነስተኛ ሥዕላዊ መመሪያዎችን ማዘጋጀት ይቻላል። መመሪያው የተክሉን ስም ብቻ ሳይሆን የሚበላውን ክፍል፣ የሚለቀምበትን ወቅት፣ የአበሳሰሉን ዘዴና ሊያሳስቱ የሚችሉ ተመሳሳይ ዕፅዋትን ማካተት ይኖርበታል።

በዚህ ሂደት የጄነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትንና የማኅበረሰብ መብቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሊዘነጋ አይገባም። አዋጁ ማኅበረሰቦች በዕውቀታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚያስከብር እንደመሆኑ፣ አስቀድሞ ፈቃዳቸውን ማግኘትና አስተዋጽኦአቸውን በስም መመዝገብ ግድ ይላል። በባሉጋኒ ላይ የተፈጸመው ስሕተት ዕውቀቱን ባቆዩት አረጋውያን ላይ መደገም የለበትም። እነርሱ በሕይወት ሳሉ ሥራውን መጀመር ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።