ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ ይገኛል። ውሃው መጀመሪያ ለጥጥ፣ ኋላም ለሩዝ እርሻ የታሰበ ነበር። በአካባቢው አኝዋኩና መዠንገሩ፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከደጋ መጥቶ የሰፈረው ገበሬ፣ እንዲሁም እንጀራ ፍለጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ባለፈው በጋ በግድቡ ዳር ስዘዋወር ዓሣውን በትከሻው አንጠልጥሎ የሚሄድ አንድ ሰው አግኝቼ፣ «ሲያምህ መጀመሪያ ወደ ማን ትሄዳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። የማይጠየቅ ነገር እንደ ጠየቅሁት ሁሉ ትኩር ብሎ አየኝና፣ «ወደሚያውቀኝ ነዋ!» አለኝ።

የሚያውቀው የመንደሩ ባለመድኃኒት ነው። እኛ የተማርን ነን የምንለው ግን ይህን ሰው «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ብለን እናልፈዋለን። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲሁ ስል ነበርና ወቀሳው ለራሴም ነው። ነገር ግን ስለ ኤች አይ ቪ ሕክምና በምንነጋገርበት ጊዜ ይህን ሰው መናቅ ዋጋው ከባድ መሆኑን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአገሪቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በጋምቤላ ክልል ግን 4.8 በመቶ ነበሩ። ይህም ከክልሎች ሁሉ የበለጠ ነው። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በቀን ብዙ ኪኒን የሚውጠው ሕመምተኛ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ኪኒን ይበቃዋል። ሳያቋርጥ ከዋጠም ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ እስኪሆን ድረስ ይዳከማል፤ ያን ጊዜም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

ዋናው ነገር «ሳያቋርጥ» የሚለው ቃል ነው። ኪኒኑን የሚሰጠው ነርስ ሕመምተኛውን የሚያየው በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ነው። በመካከሉ ያሉትን ቀናት ሁሉ አብሮት የሚውለው ጎረቤቱና ባለመድኃኒቱ ነው። ባለመድኃኒቱም «ይህን የፈረንጅ ነገር ተወውና የእኔን ጠጣ» ያለው እንደ ሆነ የስድስት ወሩ ምክር በአንድ ምሽት ይፈርሳል። ተወው ባይለው እንኳ የሚያስመልስ ወይም የሚያስቀምጥ ሥር ቢያጠጣው፣ ያን ዕለት የዋጠው ኪኒን ሥራውን ሳይሠራ ከሆዱ ሊወጣ ይችላል። መድኃኒቱ በተቋረጠ ቁጥርም ቫይረሱ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ቃል ይህን ያህል ኀይል ካለው፣ ኀይሉን ወደ መልካም ማዞር አይቻልምን? በ1999 ዓ.ም. የሆኑ ሁለት ነገሮች መልሱን ያሳዩናል።

አንደኛው በአዲስ አበባ የሆነው ነው። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሕሙማን እንፈወሳለን ብለው ይሰበሰቡ ነበር፤ ከእነርሱም ጠበሉን ሲጀምሩ ኪኒኑን የሚተዉ ነበሩ። ሐኪሞች ቢመክሩ የሚሰማቸው ጥቂት ነበር። በዚያ ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ በአደባባይ ተናገሩ። ሐኪሙ ሊናገረው ያልቻለውን የሚታመኑት አባት ተናገሩለት። ጠበሉም አልተነቀፈም፣ ኪኒኑም አልተጣለም።

ሁለተኛው የሆነው በምዕራብ አፍሪካ በምትገኘው በጋምቢያ ነው (ስሟ ከጋምቤላ ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም)። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ያህያ ጃሜህ ኤድስን በቅጠል አድናለሁ ብሎ ዐወጀ፤ ሕሙማኑንም ኪኒናቸውን አስተዋቸው። ከእነርሱ የሞቱ አሉ፤ የተረፉትም ከዓመታት በኋላ ከሰሱት። «ባለመድኃኒትን አታስጠጉ» የሚለው ሰው ይህን ምሳሌ ቢጠቅስ አይፈረድበትም። እኔ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቅጠሉ ወይም ጠበሉ አይመስለኝም፤ አንዱ «ኪኒንህን ዋጥ» ሲል ሌላው «ተወው» ማለቱ ነው።

ስለዚህ በአልዌሮ ዙሪያ ከሚገኙት ባለመድኃኒቶች ጋር ሲነጋገሩ የሚጠየቁት ነገር ጥቂት ነው። ማንንም ኪኒንህን ተው እንዳይሉ፤ ኪኒን ለሚውጥ ሰው የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳይሰጡ፤ የከሳውንና ሳሉ የጸናበትን ሰው ለምርመራ እንዲልኩ ነው። ዋግምት የሚበጣውም ሆነ በኑዌር ባህል የጎረምሳውን ግንባር የሚሰነጥቀው ሰው ለእያንዳንዱ አዲስ ምላጭ እንዲይዝ ያስፈልጋል። ምላጩንም ጤና ጣቢያው ቢሰጠው ከሚወጣው ወጪ የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። በኡጋንዳ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴታ የተባለው ድርጅት ባለመድኃኒቶችን እያሠለጠነ ሕሙማንን ወደ ሐኪም ቤት እንዲልኩ ሲያደርግ ቆይቷል። የእኛም የ1986ቱ የጤና ፖሊሲ ለሚጠቅመው የባህል ሕክምና ትኩረት እንዲሰጥ አዝዞ ነበር፤ አዲስ ሕግ የሚያሻው ነገር አይደለም።

የሚያሻው የእኛ የወጣት ሹማምንት ጠባይ መታረም ነው። ባለመድኃኒቱን በስብሰባ ጠርቶ፣ በኋላ ወንበር አስቀምጦ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ድንቁርናው ማስተማር ልማዳችን ሆኗል። ሰውየው በጨዋነት አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሚቀጥለውም ቀን የቀድሞውን ይሠራል። በእርሱ ስፍራ ብንሆን እኛስ ምን እናደርግ ነበር?

ጊዜውም የሚያዘገይ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። ባለመድኃኒቱ ግን በማንም ገንዘብ አልተቀጠረምና ትናንትም እዚያው ነበር፣ ዛሬም እዚያው ነው።

በአቦቦ አንድ ሽማግሌ ባለመድኃኒት ይህን ሁሉ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «እኔ የላክሁት ሰው እንደ ደረሰ በምን ዐውቃለሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕመምተኛው ከፈቀደ ነርሷ መድረሱን ለላከው ሰው ብታስታውቅ ሥራው መልክ ይይዛል። የበሽታውን ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ መጥቷል ማለት ይበቃል። ለዚህም ሁለት ቁራጭ ያለው ካርድ ይታተም፤ አንዱ ከጤና ጣቢያው ይቅር፣ አንዱ ወደ ባለመድኃኒቱ ይመለስ። ጽሕፈቱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአኝዋክኛም ይሁን፤ ማንበብ ለማይችለውም ሁለቱ ቁራጮች በቀለም ይለዩ።