ዓይን ቢጫ የማያደርገው የጉበት በሽታ

በመካነ ሰላምም ሆነ በሌላው የወሎ ደጋ የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ብዙ እናቶች የጉበትን በሽታ የሚያውቁት በዚህ ምልክቱ ብቻ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ግን ከእናት ወደ ሕፃን ሲተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫነት አያሳይም። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይፋፋል፣ ይድሃል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉበቱ ሲጠጥር ወይም ካንሰር ሲይዘው ነው።

ይህ ዝምታ ከየት መጣ? ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው በአብዛኛው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ ሰውነት እርሱን ለማጥፋት ሲታገል በጉበት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። አዋቂ ሰው ይታገላል፤ ከመቶ 95 ያህሉም ያሸንፋል። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት ግን ከመቶ 90 ያህሉ ቫይረሱን ተሸክመው ይኖራሉ።

ተመራማሪዎች አንዱን ምክንያት የፈለጉት በማኅፀን ውስጥ ነው። ቫይረሱ በእናት ደም ውስጥ ኢ አንቲጂን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለቃል። ቫይረሱ ራሱ ከወሊድ በፊት ወደ ፅንሱ እምብዛም አያልፍም፤ ፕሮቲኑ ግን በእንግዴ ልጅ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ፅንሱ የራሱን ገላ ከባዕድ መለየት ገና እየተማረ ስለሆነ ባዕዱን እንደ ቤተኛ ይቆጥረዋል፤ ኋላ ቫይረሱ ሲመጣም አይነሳበትም ማለት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ2016 በወጡ ጥናቶች በአይጦች ላይ ታይቷል። በሰው ላይ ያለው ድርሻ ግን አሁንም ያከራክራል።

ለእናቶች የሚበጀው ጊዜውን ማወቅ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሰጠው የአምስት በሽታዎች ጥምር ክትባት ሄፓታይተስ ቢን ይከላከላል፤ የሚጀመረው ግን በ6ኛው ሳምንት ነው። በምጥ ጊዜ በደም የገባን ቫይረስ ለመቅደም ይህ እጅግ ይዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለሁሉም ሕፃናት የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት ቀበሌዎች ቤቷ የተገላገለችን አራስ «በማግስቱ ሕፃንሽን ይዘሽ ዳገቱን ውጪ» ማለት ግን ለተናጋሪው ብቻ ነው የሚቀለው። ስለዚህ ጉዳዩ ማለቅ ያለበት በእርግዝና ክትትል ጊዜ ነው። ነፍሰ ጡር ደሟን ትመርመር፤ ቫይረሱ ከተገኘባት የምትወልድበትን ጤና ተቋምና የሕፃኑን ክትባት አስቀድማ ትጠይቅ። ቫይረሱ ከበዛባት ሐኪም ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል።

ገጠር እኅት ወይም የወንድም ሚስት ያላችሁም ይህንኑ ንገሯቸው። ቫይረሱ አለብሽ የተባለች እናት ጡቷን መንፈግ እንደሌለባትም ጨምሩላቸው፤ በጡት ወተት ፍራቻ ሕፃን የሚራብበት ምክንያት የለም።