ለማየት ብቻ የሚሄድ ሐኪም ምን ይዞ ይመለሳል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ነገርን ነገር ያነሣዋልና በአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ምክንያት ያደረብኝን አሳብ በአምዳችሁ ላይ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህ ልጅ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ሐኪም ነው። ከባሕር ማዶ አንድ ሆስፒታል ለአራት ሳምንት በተመልካችነት፥ ማለት ኦብዘርቨርሺፕ በሚሉት መንገድ፥ ጋበዘው። ፈቃድ የጠየቀበት መሥሪያ ቤት ግን «ቢላዋ ሳትጨብጥ ቆመህ አይተህ ለመምጣት ነውን?» ሲል መለሰው።

እርግጥ ነው፤ ተመልካች በሽተኛ አይነካም። የዚያ አገር የሕክምና ፈቃድ ስለሌለው ይከለከላል። እጁን የሚያሠለጥነው በገዛ አገሩ በመምህራኑ ፊት ነው። ነገር ግን በኦፕራሲዮን ምክንያት የሚሞት ሰው ሁሉ በእጅ ጉድለት የሚሞት አይደለም፤ በሥርዓት ጉድለት የሚሞትም አለ።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባለ 19 ነጥብ የጥንቃቄ ዝርዝር አወጣ። በዚህ መሠረት ሠራተኞቹ ሦስት ጊዜ ቆም ይላሉ፤ ይኸውም ማደንዘዣ ሳይሰጥ፥ ምላጩ ገላ ሳይነካ፥ በሽተኛውም ከክፍሉ ሳይወጣ ነው። የበሽተኛውን ማንነትና የሚቀደደውን ቦታ ያረጋግጣሉ፤ በመጨረሻም ጨርቁና መርፌው ይቈጠራል። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች፥ ከእነርሱም አንዱ በታንዛኒያ ኢፋካራ ነበር፥ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት ከመቶ 1.5 የነበረው ሞት ወደ 0.8 ወረደ። ዝርዝሩ አንድ ወረቀት ነውና በፖስታ ይመጣል። ነርሷ «ቁጥሩ ጐደለ» ስትል ታላቁ ፕሮፌሰር እጃቸውን ሰብስበው ሲጠብቁ ማየት ግን በፖስታ አይመጣም።

በማየት መማር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የፊስቱላ ሕመምተኛ ሆነው መጥተው ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመሩ፤ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ሲሠሩ እያዩ፥ ቀጥሎም እያገዙ፥ ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሰጠው የወርቅ ሜዳይ ተካፋይ ነበሩ።

እንዲሁ ይሂዱ ግን አልልም። ተማሪ የላቦራቶሪ ሙከራ አይቶ በደብተሩ ካልጻፈ መመልከቱ ሽርሽር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሲመለስ ያየውን ለባልደረቦቹ ያስረዳ፤ በክፍሉም ሊያሻሽል ያሰበውን አንድ ነገር ጽፎ ያቅርብ። የሚላክበትም ቦታ መሣሪያው ከእኛ አቅም ጋር የሚቀራረብ ቢሆን ይሻላል። ደግሞም አስተናጋጁ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ወጪ ስለማይችል፥ በውድድር የሚሰጥ ጥቂት አበል ካልተመደበ ዕድሉ ለባለጸጋ ልጆች ብቻ ይቀራል።

«ሄዶ ይቀራል» የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም አልልም። ይሁን እንጂ ለመቅረት የቈረጠ ሰው ይህን አራት ሳምንት አይጠብቅም፤ ለመመለስ ያሰበውን ግን ክልከላው ያስመርረዋል።

ፊርማው በእጃችሁ የሆነ ወገኖቼ ሆይ፤ ማመልከቻው ሲቀርብላችሁ «ምን ይነካል?» ብላችሁ ሳይሆን «ምን አይቶ፥ ለማን ያስተምራል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከነቀምቴ