ጭሱ ባለቤት አለው

ባለፈው ስለ ኢንዶኔዥያ ቃጠሎ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ድሃ ገበሬ ክብሪት ከጫረ ምን ይደረጋል? ደግሞስ እኛን ምን አገባን?» ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት። እንግዲህ ሁለቱንም ልመልስ።

መጀመሪያ ገበሬው። አዎ፣ የቦርኒዮ ገበሬ ማሳውን በእሳት ያጸዳል፤ ቅድመ አያቶቹም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። የአገሩ የ2009 የአካባቢ ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እሳቱ እንዳይዛመት አድርጎ እስከ 2 ሄክታር እንዲያቃጥል ይፈቅድለታል። የሲንጋፖርን ሰማይ የሚያጠቁረው ግን ይሄ እሳት ብቻ አይደለም። ዋናው ጭስ የሚመጣው ፒት ከሚባለው የረግረግ አፈር ነው፤ በሺህ ዓመታት ውስጥ ውሃ ውስጥ የተከማቸ፣ በስብሶ ያላለቀ የእንጨትና የቅጠል ቅሪት። እርጥብ እስከሆነ በቀላሉ አይነድም። ቦይ ቆፍረው ውሃውን ሲያፈስሱት ግን ማገዶ ይሆናል። እሳቱ መሬት ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይጨሳል።

ቦዩን ማን ቆፈረው? በ1990ዎቹ አጋማሽ የሱሃርቶ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ሄክታር ሩዝ አለማለሁ ብሎ በማዕከላዊ ካሊማንታን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ አስቆፈረ። ሩዙ ሳይሆን ቀረ፣ ረግረጉ ደረቀ። በሌላውም ቦታ የፓልምና የወረቀት እንጨት ኩባንያዎች ፈቃድ ይዘው ቆፈሩ። ክብሪት የጫረ ገበሬ ሲታሰር አይተናል። ቦይ ያስቆፈረውስ?

በ2015 ወደ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ነደደ። የዓለም ባንክ ኪሳራውን 16 ቢሊዮን ዶላር ገመተው። ከ300 ካለፈ «አደገኛ» የሚባለው የአየር ብክለት መለኪያ በፓላንግካራያ ከተማ ከ2,000 በላይ አሳየ። እስቲ በዚያ አየር ውስጥ ሕፃን ማሳደግን አስቡት።

ስምምነትማ ነበር። የቀጠናው አገሮች ድንበር ተሻጋሪ ጭስን ለመከላከል በ2002 ፈርመዋል። ዋናው ጭስ የሚነሣባት ኢንዶኔዥያ ያጸደቀችው ግን በ2014 ነው። 12 ዓመት! በማግስቱ ዓመት ደግሞ ያ ሁሉ ነደደ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ታዲያ በ2016 ሰባት የማዕከላዊ ካሊማንታን ዜጎች ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ መንግሥትን ከሰሱ። ካሳ አልጠየቁም። የጠየቁት ሕጉ ማስፈጸሚያ ደንብ እንዲወጣለት፣ በጭሱ ለተጎዱ ሰዎች በነፃ የሚያክም የሳንባ ሆስፒታል እንዲሠራ፣ ይሄንን የመሰለ ነገር ነው። በ2017 ተፈረደላቸው። መንግሥት ይግባኝ አለ፣ ተረታ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናላቸው። በ2022 ግን ያው ፍርድ ቤት በመንግሥት ጥያቄ ጉዳዩን ዳግም አይቶ ፍርዱን ሻረው።

«አዩ ቲቸር፣ ምን ዋጋ አለው?» ትለኝ ይሆናል። አለው! ከዚያ ወዲህ «የተፈጥሮ ቁጣ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሦስት እርከን ፍርድ ቤት መንግሥት ኃላፊነቱን አልተወጣም ብሏል። በዚያው 2015 ሲንጋፖር ውስጥ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ከቃጠሎው ጋር ስሙ የተነሣ ኩባንያን ሶፍት ከመደርደሪያ አንሥተዋል። የመንደር ሰዎችም ቦዩን በእንጨትና በአፈር እየገደቡ ረግረጉን መልሰው ያረጥባሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ማለት ይሄ ነው።

አሁን «ምን አገባን» ወደምትለዋ ልምጣ። ወጥ ቤት ግባና ጀሪካኑን እየው። ከውጭ የምናስገባው የምግብ ዘይት አብዛኛው ፓልም ነው፤ በዋናነት የሚመጣውም ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። ሁሉም ከተቃጠለ መሬት መጣ አላልኩም። ኅብረት ሱቅ ተሰልፋ ያገኘችውን የምትገዛ እናትንም አልወቅስም። የማወራው በመርከብ ስለሚያስጭነው ነው።

የኛን ቡና ገበሬ ደግሞ ተመልከት። አውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ የተነሣ ማሳው ደን ተመንጥሮ የተገኘ አለመሆኑን አስረዳ እየተባለ ነው። የጅማና የሲዳማ ገበሬ ይሄን ከተጠየቀ፣ ለኛ ዘይት የሚሸጠው ባለሀብት የማይጠየቅበት ምን ምክንያት አለ?

ከናንተ ውስጥ አስመጪ ቤት፣ ንግድ ቢሮ፣ ጉምሩክ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ጨረታ «ይሄ ዘይት ከየትኛው እርሻ ነው?» የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። መልስ ላይሰጧችሁ ይችላሉ። እናንተ ግን ጠይቁ።