የሰኔን ጓሮ ያላየ ጥናት

ሰኔ በሁለት ቦታ ሥራ የሚበዛበት ወር ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፈታኞች ፊት ያቀርባሉ። በደጋውና በወይና ደጋው ገጠር ደግሞ ቤተሰብ ጓሮውን ይቆፍራል፤ የጎመን ችግኝ ያዛውራል፤ ዱባና በቆሎ ይተክላል፤ የላላ አጥር ያጠብቃል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ይከድናል፤ ጫጩት ይዛ የምትዞር ዶሮውን ከዝናብና ከጭልፊት ይጠብቃል። የሁለቱ ሥራዎች በአንድ ወር መገጣጠም ለምርምራችን ቀላል የማይባል መዘዝ አለው። ስለ ጓሮ ዶሮና ስለ ጓሮ አትክልት የምንጽፈው መረጃ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው መንገዱ በደረቀበት በበጋ ነው። የጓሮው የዓመት ዕጣ የሚወሰንበት ወቅት ግን ተመራማሪው በአዳራሽ ውስጥ ሳለ ያልፋል።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። የጓሮን ምርታማነት የሚመለከት ጥናት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ካላካተተ፣ ዶሮውን፣ አትክልቱንና የቤቱን አሠራርም እንደ አንድ ሥርዓት ካልተመለከተ፣ በስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ምክር የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

የበጋው አድልዎ

ሮበርት ቼምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ገጠር ልማት ባሳተሙት መጽሐፍ ከከተማ ወደ ገጠር የሚወርድ ባለሙያ የሚፈጽማቸውን አድልዎዎች ሲዘረዝሩ አንዱን ለወቅት ሰጥተውታል። ባለሙያው የሚመጣው መንገዱ ሲደርቅ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ጎተራው ሲሞላ ነው። ረኀብ፣ በሽታና የሥራ ጫና በአንድነት የሚበረቱበትን የዝናብ ወቅት አያየውም። ይህ ከተጻፈ አራት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ነገር ግን የእኛ የትምህርት ዘመን አቆጣጠር አድልዎውን በየዓመቱ ያድሰዋል። ንድፈ ጥናቱ በመኸር ይጸድቃል፣ መጠይቁ በጥርና በየካቲት ይሞላል፣ ትንተናው በሚያዝያ ያልቃል፣ ጽሑፉ በሰኔ ይቀርባል።

ለጓሮ ዶሮ ይህ ልዩነት ጥቃቅን አይደለም። በጥር ወር አውድማው ላይ የተበተነ እህል አለ፤ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ዶሮዋ ለቅማ ትጠግባለች። በሐምሌ ደግሞ ትሉና ሣሩ ቢበዛም ከጎተራ የሚተርፍ እህል የለም፤ ጫጩቶች በዝናብ ይበሰብሳሉ፤ ያደገው ቅጠል ለሸለምጥማጥ መደበቂያ ይሆናል። «ዶሮዎ በዓመት ስንት ዕንቁላል ትጥላለች?» ተብላ በጥር የምትጠየቅ እናት የምትመልሰው በዚያ ሰሞን ዐይኗ ያየውን ነው። ቁጥሩ ግን በሰንጠረዡ ላይ «የዓመት» ተብሎ ይሰፍራል።

ዕንቁላል መቁጠር ብቻውን አይበቃም

ኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዳሏት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የናሙና ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በየጓሮው የሚለቅሙ የአገር በቀል ዶሮዎች ናቸው። የአገር በቀሏ ዶሮ በዓመት የምትጥለው በአማካይ ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ነው። በመኖ የምትቀለብ የንግድ ዝርያ ከ280 በላይ ልትጥል ትችላለች። ይህ ክፍተት ዐይን የሚስብ በመሆኑ የምርምሩን ጉልበት ወደ ዝርያና ወደ መኖ ቀመር ስቦታል። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በሆሮ ዶሮ ላይ የተሠራውን የመሰለ የዝርያ ማሻሻል ጥቅሙ አያጠያይቅም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥር በእርግጥ የሚነግረን ምንድን ነው?

የጓሮዋ ዶሮ ዕንቁላል ብቻ የምትጥል አይደለችም፤ ታቃፊም አሳዳጊም ናት። ከ12 እስከ 15 ዕንቁላል ጥላ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ወር ያህል ትዞራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕንቁላል አትጥልም። እንግዲህ የዕንቁላሉ ማነስ በከፊል የእናትነቷ ዋጋ ነው። በገጠር የዶሮ አያያዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ደግሞ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ለምሳሌ ዐሥር ጫጩት ፈልፍላ አምስት የቀሩላት ዶሮ የሦስት ወር ጊዜዋን ግማሽ በከንቱ አጥፍታለች ማለት ነው። ከእነዚህ አምስት ሟቾች ሁለቱን ብቻ ማትረፍ፣ ዝርያ ሳይለወጥና መኖ ሳይገዛ፣ የቤቱን የዶሮ ሀብት ባንድ ፍልፈላ ከአምስት ወደ ሰባት ያሳድገዋል። ስለዚህ የጓሮ ጥናት ቀዳሚ መለኪያ ሊሆን የሚገባው በአንዲት ዶሮ በዓመት ስምንት ሳምንት የሞላቸው ጫጩቶች ብዛት ነው፤ የዕንቁላሉ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከገዳዮቹ አንዱ ፈንግል ነው። አርቢዎች ይህን በሽታ ብዙ ጊዜ ከዝናብ መግቢያና ከበዓል ገበያ ጋር ያያይዙታል፤ ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ በሽታውን ይዞ መግባቱም የታወቀ ነው። መከላከያው ሩቅ አይደለም። የፈንግል ክትባት በአገር ውስጥ፣ በቢሾፍቱ ይመረታል። በአውስትራሊያ ለገጠር ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀው «አይ-2» የተባለው የክትባት ዓይነት ሙቀትን በተሻለ ስለሚቋቋም፣ በዓይን ጠብታ ስለሚሰጥ፣ ማቀዝቀዣ ለማይገኝበት ቀበሌ ይመቻል። ነገር ግን በየአራት ወሩ መደገም አለበት፤ አንዱ ብልቃጥም ስድስት ዶሮ ላላት እናት ሳይሆን ለመንደር የሚበቃ ነው። ስለዚህ ችግሩ የክትባቱ መኖር አለመኖር ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ተባብሮ በግንቦት፣ ማለትም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ የሚያስከትብበት ሥርዓት መኖር ነው። ይህን በበጋ የሚሞላ መጠይቅ ሊመረምረው አይችልም።

ሁለት ምክር፣ አንድ ጓሮ

የአትክልት ሳይንስ ተማሪው «ቤተሰቡ የአትክልት መደቡን ያስፋ» ብሎ ይመክራል። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዋ «የዶሮው ቁጥር ይጨምር» ትላለች። ሁለቱም በየጽሑፋቸው ትክክል ናቸው። በሰኔ ጓሮ ውስጥ ግን ሁለቱ ምክሮች ይጋጫሉ፤ ትላንት የተዛወረውን ችግኝ ዛሬ ዶሮዋ ጭራ ትነቅለዋለች። ባለቤቷ ያላት ምርጫ ጥቂት ነው። ዶሮዎቹን ትዘጋባቸዋለች፤ ያን ጊዜ እህል ባለቀበት ወቅት መቀለብ ሊኖርባት ነው። መደቡን ታጥራለች፤ እሾህ የሚቆርጠውና እንጨት የሚተክለው ጉልበት ግን በዚያው ሳምንት ለእርሻ ይፈለጋል። ወይም ዶሮዎቹን ትሸጣለች፤ ሰኔ ጾም ነውና የኦርቶዶክስ ተከታይ በሚበዛበት አካባቢ ዋጋው ይወርዳል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ሴትዮዋን ይወቅሳል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የቆጡን እንድታወርድ የመከርናት እኛ ነን።

ግጭቱ ያለበት ቦታ መደጋገፍም አለበት። የዶሮ ኩስ በናይትሮጅን ከላም ፍግ የበለጸገ ነው። ነገር ግን ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፤ ከገለባና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ መብሰል አለበት። ለሰኔ ተከላ የሚደርስ ኮምፖስት በበጋ መጀመር ይኖርበታል። ለዚህ ደግሞ ኩሱ በጓሮው ሁሉ መበተኑ ቀርቶ በአንድ ቦታ መጠራቀም አለበት። ይህም ዶሮዎቹ ወደሚያድሩበት ስፍራ ይመራናል።

ዶሮ የት ታድራለች?

በብዙ የገጠር ቤቶች ዶሮ የምታድረው ሰው በሚያድርበት ጣሪያ ሥር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌባ አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ፣ በክረምት ብርድ አለ። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የኢትዮጵያን ገጠር በሚመለከት ጥናት፣ ዶሮ መኖር ከሕፃናት ቁመት ለዕድሜ መሻሻል ጋር፣ ዶሮን ሌሊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማሳደር ግን ከዚሁ መለኪያ ማነስ ጋር ተያይዘው መገኘታቸውን አሳይተዋል። ጥናቱ በምልከታ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ስለ መንሥኤና ውጤት የመጨረሻ ቃል አይደለም። የሚያመለክተው መንገድ ግን አሳማኝ ነው፤ መሬት ላይ የሚድኽ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲወስድ የኩሱን ተሕዋስያን አብሮ ይወስዳል። ደጁ ጭቃ ሆኖ ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ በሚውልበት ክረምት ይህ ንክኪ እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የዶሮ ቤት መሥራት ለጤናም፣ ለአዝመራም፣ ለዶሮም ጉዳይ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ አጠና የቆመ፣ ወለሉ ኩስ የሚያሳልፍ ርብራብ፣ ጣሪያው ዝናብ የማያስገባ፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ትንሽ ቤት አራት ነገር ባንዴ ይፈጽማል። ዶሮውን ከሕፃኑ ይለያል፤ ጫጩቱን ከአውሬና ከብርድ ያድናል፤ ኩሱን ለኮምፖስት ያጠራቅማል፤ ችግኙ ሥር እስኪይዝ ድረስ ዶሮዎቹን ለጥቂት ሰዓታት ለማገት ያስችላል። በጽሑፎቻችን ግን የዶሮ ቤት ብዙውን ጊዜ ያለው በመጠይቁ ላይ «የተለየ ማደሪያ አለ / የለም» ከሚል አንድ መስመር ውስጥ ነው። ስንት አጠና፣ ስንት የሥራ ቀን፣ የማን ጉልበት፣ በየትኛው ወር፣ ሌባን ለመከላከል ከመኖሪያው በር ምን ያህል ርቀት፤ እነዚህ ጥያቄዎች የሥነ ሕንፃም፣ የኢኮኖሚም፣ የሥነ ምግብም ናቸው፤ ባለቤት ግን የላቸውም።

ዕንቁላሉን ማን ይበላዋል?

የጓሮ ዶሮና ዕንቁላል ገቢ በአመዛኙ በሴቶች እጅ ያለ ነው፤ ጨው፣ ሳሙናና ደብተር የሚገዛው ከዚያ ነው። ይህ ገንዘብ ትንሽ ቢመስልም ያለ ፈቃድ የሚታዘዝ ገንዘብ ነው። ሥራው ሲሰፋና ገቢው ሲያድግ ውሳኔው ወደ አባወራው ሊያልፍ እንደሚችል በርካታ አገሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ የገቢ ዕድገትን ብቻ የሚለካ ጽሑፍ የተጓዳኝ ኪሳራውን አያይም።

የምግብ መጠይቁም እንዲሁ ከዘመን አቆጣጠር ጋር መታረቅ አለበት። የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ባለፉት 24 ሰዓታት ምን እንደተበላ የሚጠይቅ ጥናት በጥር አንድ ሐሙስ ቀንና በነሐሴ መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ አንድ አይሆንም። ሕፃናት ባይጾሙም እንኳ እናት በጾም ወቅት ዕንቁላል ለብቻው ማብሰሏን ትታ ልትሸጠው ትችላለች። ይህ መለካት ያለበት ነገር ነው።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ የሚሰማ አማካሪ የሚያነሣቸው ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው የጊዜና የገንዘብ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ያለው የመስክ ጊዜ ጥቂት ወራት፣ በጀቱም ትንሽ ነው፤ በሐምሌ ጭቃ መኪና አይገባም። ሁለተኛው የስታቲስቲክስ ነው። ጥቂት ቤቶችን ዓመቱን ሙሉ መከታተል የናሙናውን ብዛት ይቀንሳል፤ ውጤቱንም ለሌላ አካባቢ ለማዋል ያስቸግራል።

ለመጀመሪያው መልስ የሚሆነው የሥራ ክፍፍል ነው። ጓሮውን በየሳምንቱ የሚያየው የግድ ተመራማሪው መሆን የለበትም፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት የመንደሩ ተማሪ ተገቢው ሥልጠናና ክፍያ ተሰጥቶት የተፈለፈለ፣ የሞተ፣ የተሸጠና የተበላ ብሎ በደብተር ሊመዘግብ ይችላል። ንድፈ ጥናቱ በመኸር ሳይሆን በመጋቢት ቢጸድቅ ክረምቱ የመስክ ወቅት ይሆናል። ለሁለተኛው ተቃውሞ መልሴ ምርጫውን በግልጽ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ የተጠየቁ 200 ቤቶች ስለ ስርጭት ይናገራሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የተከታተልናቸው 40 ቤቶች ስለ ሂደት ይናገራሉ። የሂደት ጥያቄ ይዘን የስርጭት መረጃ መሰብሰባችን ነው ስሕተቱ።

ጉዳዩ የአካዳሚ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዕንቁላልንና የዶሮ ሥጋን ከዋና ዋና ግቦቹ መካከል አድርጓል፤ ለየቤተሰቡ ዶሮ ማከፋፈልም ከስልቶቹ አንዱ ነው። የተከፋፈለውን መቁጠር ቀላል ነው። በጳጉሜን ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ መደቡ ላይ ያደረሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ፣ ሌሊት የት እንዳደረ የሚነግር መረጃ ግን ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ክፍሎች በሚቀጥለው ዓመት በትንሹ እንዲጀምሩ አሳስባለሁ። ከእንስሳት ሳይንስ፣ ከአትክልት ሳይንስና ከሥነ ምግብ አንዳንድ ተማሪ ተመርጠው በአንድ ቀበሌ ባሉ ተመሳሳይ ቤቶች ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ርእስ ግን በጋራ የመረጃ ደብተር፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይሥሩ። የጓሮ ጥናት ንድፍ የሚገመግም ኮሚቴም ሦስት ጥያቄዎችን ያስቀድም፦ መረጃው ክረምቱን ያካትታል ወይ? ዶሮዋ የት እንደምታድር ይለካል ወይ? ምክሩ በዚያው ጓሮ ካለው ሌላ ሥራ ጋር ይጋጫል ወይ? ለሦስቱ መልስ የሌለው ንድፍ ከመጽደቁ በፊት ለተማሪው ቢመለስ፣ በኋላ ቤተሰቡ ከሚከፍለው ዋጋ ይልቅ ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለው ይቀላል።