ወለድኩ፣ ሆዴ ግን አልተመለሰም

«ሦስት ልጆች አሉኝ። የመጨረሻዋ ሁለት ዓመቷ ነው። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ነፍሰ ጡር መስያቸው ቦታ ይለቁልኛል። ባለቤቴም በቀልድ አስመስሎ ይወጋኛል። ስፖርቱን ብሞክረው ጠብ ያለ ነገር የለም። ዕቁቤ ሲደርሰኝ ውጭ አገር ሄጄ ሆዴን በኦፕራሲዮን ላስጠብበው አስቤያለሁ። አንድ ልጅ መጨመርም እንፈልጋለን። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ስፖርቱ ያልረዳሽ ሰንፈሽ ላይሆን ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ከላይ እስከ ታች የተዘረጉት የሆድ ጡንቻዎች ግራና ቀኝ ይራራቃሉ። አንዳንድ ሴት ላይ ከወለደችም በኋላ መልሰው አይገጥሙም። በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ ራስሽን ቀና አድርጊ። እምብርትሽ አካባቢ ጣቶችሽ የሚገቡበት ሰፋ ያለ ክፍተት ካለ ምልክቱ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ኦፕራሲዮኑ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጥሻል። ሐኪሙ ከእምብርት በታች ከዳሌ እስከ ዳሌ ይቀዳል፤ የተራራቁትን ጡንቻዎች ሰፍቶ ያቀራርባል፤ የተረፈውን ቆዳና ስብ ቆርጦ ያወጣል፤ ለእምብርትሽም አዲስ ቀዳዳ ያበጃል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል።

ከዚያስ? የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው። ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ሊገባልሽ ይችላል፤ ለሳምንታት ሆድሽን በቀበቶ ታስሪያለሽ። እስከ 6 ሳምንት ገደማ ከባድ ነገር አይነሳም፤ ትንሿን ልጅሽንም ማዘል የለም! ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም።

ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል። ከሁሉ የከፋው እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሲሄድ ነው፤ ይገድላል። ረዥም የአውሮፕላን ጉዞ ደግሞ ይህንን አደጋ ያባብሰዋል። ሰፍቶሽ የሸኘሽ ሐኪም እዚያ፣ አንቺ እዚህ፤ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ይከታተልሻል?

ክብደት መቀነሻም አይደለም። ዋናው ነገር ግን ልጅ መጨመር ማሰብሽ ነው። ሌላ እርግዝና የተሰፋውን መልሶ ሊለጥጠው ይችላል፤ ዕቁብሽም ውኃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ አሁን አትቸኩይ። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳይሽ። ወልደሽ ከጨረስሽ በኋላ ፍላጎቱ ካልለቀቀሽ ያን ጊዜ ሐኪም አማክረሽ ወስኚ። ውሳኔው ግን የራስሽ ይሁን፣ የባልሽ ቀልድ የወለደው አይሁን። ለእሱም ይህንን አስነብቢው፤ የሚቀልድበት ሆድ ሦስት ልጆቹን የተሸከመ ነው።